«ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ሕመሜን ልደብቅ?»

የጠያቂዋ ደብዳቤ፦

«እትዬ፣ እንደምን አሉ? ዕድሜዬ 41 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት በሂሳብ ሠራተኝነት 9 ዓመት አገልግያለሁ። የ14 ዓመት ሴት ልጅና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ባለቤቴ መንገድ ሥራ ላይ ቀያሽ ስለሆነ ቤት የሚመጣው በወር ሁለት ጊዜ ነው። መስከረም ላይ የቀኝ ጡቴ ካንሰር እንዳለበት ታወቀና ከብብቴ ንፍፊት ጋር በቀዶ ሕክምና ተነሣ። ለመሥሪያ ቤቴ የሐሞት ጠጠር ነው ብዬ ሦስት ሳምንት የዓመት ፈቃድ ወሰድኩ። ኅዳር 9 ቀን ኬሞ እጀምራለሁ፤ በየ21 ቀኑ ስምንት ዙር ነው፤ አራቱ ቀይ መልክ ያለው መድኃኒት፣ አራቱ ሌላ። ከዚያ ጨረር ይቀጥላል ብለውኛል። ባለቤቴ ‹ሥራሽን ልቀቂና ታከሚ› ይላል። እኔ ደግሞ መታመሜን የምረሳው ቢሮ ስገባ ብቻ ነው። ከባለቤቴና ከአማቴ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ልጆቼም፣ ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴም አልሰሙም። ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ሕመሜን ደብቄ እንደምንም ልወጣው? ስለ ፀጉሬስ ምን ይመክሩኛል? ግራ የገባት፣ ከአዲስ አበባ።»

ውድ እኅቴ፣

«እትዬ» ብለሽ ስለጻፍሽልኝ የዓምዱን «እርስዎ» ትቼ «አንቺ» እያልሁ ልመልስልሽ። ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድልሽ።

ሁለት መንገድ አስቀምጠሽ አንዱን እንድመርጥልሽ ጠይቀሽኛል፤ እኔ ግን ሁለቱንም አልመርጥልሽም። ሥራሽን ለመልቀቅ ጊዜው አሁን አይደለም፤ መደበቁ ግን በዚህ ሳምንት ሊቀር ይገባዋል። ኬሞ እየወሰዱ መሥራት ቀኑን ዐውቀው ካስተካከሉት ብዙ ሴቶች የተወጡት ነገር ነው። ኬሞ እየወሰዱ፣ እየሠሩ፣ ቤት እያስተዳደሩ፣ በዚያ ላይ ደግሞ «ለማን ምን ብዬ ነበር?» እያሉ መጨነቅ ግን ጤነኛውንም ሰው የሚጥል ሸክም ነው። ለመሆኑ የሐሞት ጠጠሩን ወሬ ለማን እንዴት አድርገሽ እንዳወራሽ አሁንም ታስታውሻለሽ? ከመደርደሪያው ላይ ፋይል ለማውረድ ቀኝ እጅሽን ማንሣት ሲያቅትሽ ያዩ ባልደረቦችሽ የሐሞት ቀዶ ሕክምና ብብት እንደማይነካ አይጠፋቸውም። ዝም ያሉሽ አምነውሽ ላይሆን ይችላል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ካየሁት ነገር ተነሥቼ ነው። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ከ20 ዓመት በላይ በአንድ ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ሠርቻለሁ። በማሸጊያ ክፍል የነበረች አንዲት ሴት በተደጋጋሚ የለቅሶ ፈቃድ ትጠይቅ ነበር፤ ጥር ላይ አክስቷ ሞተች፣ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ያችው አክስት እንደገና ሞተች። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ቅጹን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ «ይቺ ሴትዮ በመካከሉ ተነሥታ ነበር እንዴ?» ሲል ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ በፈቃድ ያልተሸፈኑ ቀሪዎች በዙና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ወጣ፤ የፈረምሁበት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ደብዳቤ ቢሮዬ ገብታ የሆስፒታል ካርዷን ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጥ የእጇ ጀርባ ላይ መርፌው የተነቀለበት ፕላስተር እንደተለጠፈ ነበር። የማኅፀን በር ካንሰር ይዟት የጨረር ሕክምና ጀምራለች፤ ማስጠንቀቂያውን ስለፈራችም በቀጠሮዋ ቀን ሕክምናውን እየዘለለች ሥራ ትገባ ነበር። ማስጠንቀቂያዎቹን ከመዝገቡ ላይ ሰረዝናቸው። ያመለጧት የጨረር ቀኖች ግን የሚሰረዙ አልነበሩም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። የደብዳቤሽን ቀኖች ይዤ ቁጭ ብዬ አሰላኋቸው፤ የሂሳብ ሰው ስለሆንሽ አትታዘቢኝም። ኅዳር 9 ተጀምሮ ምንም ካልተዛነፈ ቀጣዮቹ ዙሮች ኅዳር 30፣ ታኅሣሥ 21፣ ጥር 12፣ የካቲት 3፣ የካቲት 24፣ መጋቢት 15 እና ሚያዝያ 6 ላይ ይውላሉ። ቀን መቁጠሪያሽ ላይ በእርሳስ ጻፊያቸው፤ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደምሽ ይመረመራልና ነጭ የደም ሕዋስሽ አንሶ ከተገኘ ሐኪሙ ዙሩን በሳምንት ያህል ሊያዘገየው ይችላል። አራተኛው ዙር የጥምቀት ማግሥት ስለሆነ ክፍሉ በዕለቱ መደበኛ አገልግሎት መስጠቱን ከአሁኑ ጠይቂ።

እነዚህ 21 ቀናት ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ሥራንና ኬሞን አብሮ ለማስኬድ ቁልፉ ይህንን ማወቅ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁምና የምልሽን ከሐኪምሽ ጋር አመሳክሪው፤ በጥቅሉ ግን አንቺ በምትጀምሪው ዓይነት መድኃኒት የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት የማቅለሽለሽና የመዝለፍለፍ ቀናት ናቸው። ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደኅና የሆንሽ ይመስልሻል፤ ነገር ግን የሰውነትሽ የመከላከል ዐቅም እጅግ የሚወርደው ያን ጊዜ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ወደ ራስሽ የምትመለሺበት ሳምንት ነው። ስለዚህ ጭንቅላት የሚጠይቀውን ሥራ፣ የባንክ ማስታረቁንም ሆነ የኦዲተር ስብሰባውን፣ ወደ ሦስተኛው ሳምንት ሰብስቢው። ሁለተኛውን ሳምንት ከተቻለ ሰው ከሚበዛበት ታክሲና ከታፈነ ቢሮ ርቀሽ ከቤት ሆነሽ በምትሠሪው ነገር ሙዪው፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ለራስሽ ተዪያቸው።

በዚህ ስሌት የወር ሂሳብ መዝጊያ ቀኖችሽን አንድ በአንድ አየኋቸው። ኅዳር 30 ሁለተኛው ዙር የሚሰጥበት ቀን ስለሆነ በፍጹም አትቆጠሪበት፤ ከኅዳር 23 ጀምሮ ባለው ጥሩ ሳምንትሽ የምትችዪውን ሁሉ አስቀድመሽ አዘጋጂ። ታኅሣሥ 30 ከሦስተኛው ዙር በኋላ ዘጠነኛው ቀን ነው፤ መሥራት ትችዪ ይሆናል፤ ግን ከሰው ተለይተሽ። ጥር 30 እና መጋቢት 30 ደኅና ቀኖችሽ ላይ ወድቀዋል። የካቲት 30 ከስድስተኛው ዙር በኋላ ስድስተኛው ቀን ስለሆነ ሌላ ሰው መያዝ አለበት። አየሽ፣ ከአምስት መዝጊያዎች በእርግጥ ተተኪ የሚያስፈልግሽ ለሁለቱ ነው። ለአለቃሽ «ታምሜያለሁ» ብሎ መንገርና «ለኅዳርና ለየካቲት መዝጊያ ሰው እፈልጋለሁ» ብሎ መንገር በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሕጉንም ልንገርሽ፤ ስትዋሺ የቆየሽው ያለሽን መብት ባለማወቅ ጭምር ይመስለኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም ምክንያት መሥራት ሲያቅተው፣ ሕመሙ ከደረሰበት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ላንቺ ዋናው ነገር ይህ ፈቃድ በተከታታይ ብቻ ሳይሆን በተለያየ ጊዜ ተከፋፍሎ ሊወሰድ መቻሉ ነው። አራት ቀን በስምንት ዙር 32 ቀን ይሆናል፤ ስለዚህ የኬሞው ጊዜ ከሞላ ጎደል በሙሉ ደመወዝ ሊሸፈን ይችላል ማለት ነው። የሚጠበቅብሽ በቀረሽ ማግሥት ለአሠሪው ማሳወቅና መንግሥት ዕውቅና ከሰጠው የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማቅረብ ነው። (ይህንን የምታነብቡ የመንግሥት ሠራተኞች የምትተዳደሩት በሌላ አዋጅ ነውና ቁጥሮቹን ከየመሥሪያ ቤታችሁ የሰው ሀብት ክፍል ጠይቁ።)

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያናድደኛል፤ በአንቺ ላይ ሳይሆን በድብቁ ላይ። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ስለሚጨመርበት የ9 ዓመት ሠራተኛ ወደ 20 ቀን ገደማ አላት። አንቺ ያንን በሐሞት ጠጠር ስም ልትጨርሺው ምንም አልቀረሽም፤ በሕመም ፈቃድ ልትሸፍኚው ትችዪ የነበረውን ቀዶ ሕክምና በዕረፍትሽ ከፈልሽው። የሆስፒታሉን የመውጫ ወረቀት ይዘሽ ሦስቱ ሳምንታት ወደ ሕመም ፈቃድ ይዛወሩልኝ ብለሽ ብትጠይቂ ነውር የለውም፤ እምቢ ሊሉሽ ይችላሉ፣ እሺ ያለ አሠሪ ግን አይቻለሁ። እሺ ካሉሽ ያ ጊዜ ከሙሉ ደመወዙ ወር ላይ ስለሚቀነስ የትኛው እንደሚሻልሽ አስቀድመሽ አስቢው።

ለአለቃሽ እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦ «ለእርስዎ የምነግርዎት ነገር አለኝ። መስከረም ላይ የታከምሁት ለሐሞት ጠጠር ሳይሆን ለጡት ካንሰር ነበር። ያን ጊዜ ስለፈራሁ ነው ያልተናገርሁት፤ ይቅርታ። ዕጢው ወጥቷል። ከኅዳር 9 እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ በየሦስት ሳምንቱ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ የምቀርባቸው ቀኖች በዚህ ወረቀት ላይ አሉ። የኅዳርንና የየካቲትን መዝጊያ የሚይዝ አንድ ሰው ቢመደብልኝ ከአሁኑ ጀምሬ አሳየዋለሁ፤ የቀረውን እኔ እሠራለሁ።» ይቅርታውን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቂ። ወረቀቱን በእጁ ስጪው፤ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ግማሹን አይሰማም፣ ወረቀት ግን በኋላ ይነበባል። ማስረጃሽን ለሰው ሀብት ክፍል ስታስገቢ በፖስታ አሽጊውና በሚስጥር እንዲያዝልሽ ጠይቂ። ከባልደረቦችሽ ደግሞ አንዷን ምረጪና ሙሉውን ንገሪያት፤ ለሌሎቹ የምትነግሪውን ልክ እሷ እንድትነግርልሽ አድርጊ። ሁሉም ዝርዝሩን የማወቅ መብት የለውም። መደበቅና ወሬን በልክ መስጠት አንድ አይደሉም።

ስለ ሥራው ራሱ ሁለት ነገር ልጨምር። ኬሞ የሚወስዱ ብዙ ሴቶች የመርሳትና የመፍዘዝ ስሜት ይገጥማቸዋል፤ ቁጥር ይገለብጣሉ፣ የተከፈለ ደረሰኝ እንደገና ይከፍላሉ። ይህ ስንፍናም የጭንቀት ፈጠራም አይደለም። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ከአንቺ የሚወጣ ማንኛውም የክፍያ ሰነድና የደመወዝ ዝርዝር በሌላ ሰው ሁለተኛ ዓይን ሳይታይ እንዳይወጣ ራስሽ ጠይቂ፤ ጥፋት ከተፈጠረ በኋላ ከሚነገርሽ አንቺ አስቀድመሽ ያዘጋጀሽው ጥንቃቄ ይሻላል። ከአምስተኛው ዙር ጀምሮ በሚመጣው መድኃኒት ደግሞ የጣትና የእግር መደንዘዝ ሊኖር ይችላል፤ ኪቦርድ ስትነኪ ጣቶችሽ የራስሽ ያልሆኑ ያህል ከተሰማሽ «ያልፋል» ብለሽ ሳትሸሽጊ ለሐኪምሽ ተናገሪ። ሳጥን ሙሉ ፋይል በቀኝ እጅሽ አትሸከሚ፤ ንፍፊቱ የወጣበት እጅ ሊያብጥ ስለሚችል ሸክሙንም እንቅስቃሴውንም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሚነግርሽ መጠን በዝግታ መልሺው።

ባለቤትሽ «ልቀቂ» የሚለው በፍርሃት ነው ብዬ አስባለሁ፤ ርቆ ላለ ሰው ከባድ ነው፣ አንድ ትልቅ ነገር አድርጎ ማረፍ ይፈልጋል። በቁጥር መልሺለት። ሥራሽን ብትለቂ ደመወዙ ብቻ ሳይሆን የሕመም ፈቃዱም፣ ድርጅትሽ የሕክምና መድን ካለው እሱም አብሮ ይቀራል። በሕመም ምክንያት የሚገኝ የጡረታ አበል እንኳ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል፤ አንቺ 9 ዓመት ላይ ነሽ። እግዚአብሔር ያርቀውና ነገሩ ቢከፋ ያቺ አንዲት ዓመት ለቤተሰባችሁ ብዙ ዋጋ አላት። ውሳኔውን ለሚያዝያ አሳድሩት፤ ስምንቱ ዙር ካለቀ በኋላም ልልቀቅ ብትዪ ማንም አይከለክልሽም። እሱ በእነዚህ ወራት ሊያግዝሽ የሚችለው ሌላ ነገር አለ፦ በወር ሁለት ጊዜ የሚመጣባቸውን ቀኖች ከዙሮቹ ጋር ያገጣጥማቸው። የዙሩ ዕለት ማታ ልጆቹን የሚያስተኛ እሱ ይሁን።

ስለ ቤት ሳስብ በጣም የሚያሳስበኝ ወጥ መሥራቱም ልብስ ማጠቡም አይደለም፤ ጠያቂው ነው። ወሬው ከተሰማ ሰፈሩ መምጣቱ አይቀርም፤ መምጣቱም ደግ ነው። ግን እንዴት እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። ሦስት ሴቶች «እግዜር ይማርሽ፣ አትነሽ፣ አትነሽ» እያሉ ይገባሉ፤ አንቺም «ቡና ሳትጠጡማ!» ብለሽ ትነሺያለሽ። ቡናው ሲቆላ ጢሱ ሆድሽን ይገለብጠዋል፣ አንቺ ግን አፍሽን በነጠላሽ ጫፍ ይዘሽ ጀበናውን ትጥጂያለሽ። አንዷ ጎንበስ ብላ ትስምሻለች፤ ጉንፋን ይዟታል። ሌላዋ እንዲሁ ታማ ስለሞተችው ጎረቤቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትተርካለች። ሦስተኛው ስኒ ሳይጠጣ መነሣት ነውር ስለሆነ ሁለት ሰዓት ያልፋል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዙሩ በኋላ ባለው በሁለተኛው ሳምንት፣ መከላከያሽ ባነሰበት ጊዜ ነው፤ ሰው «ትንሽ ሻል ሲላት እንሂድ» ይላላ!

ይህን በር የሚጠብቅልሽ ሰው አለሽ፤ አማትሽ። አንቺ «አትምጡ» ብትዪ ኩራት ይመስላል፤ እሳቸው «ሐኪሙ ከልክሏል፣ ቡናው እኔ ቤት ነው» ቢሉ ግን ማንም አይቀየምም። ጠያቂው እሳቸው ቤት ይቀመጥ፣ ቡናውም እዚያ ይፈላ፣ አንቺን በስልክ ያነጋግሩሽ። በሦስተኛው ሳምንት ግን በርሽን ክፈቺ፤ ያኔ የሰው ፊት ማየት መድኃኒት ነው። «ምን እናግዝሽ?» ለሚሉሽም «ምንም፣ ብቻ ጸልዩልኝ» አትበዪ። ጸሎቱም ይኑር፤ ግን አንዷ የዙሩን ዕለት ትንሹን ልጅ ከትምህርት ቤት ታምጣው፣ አንዷ የሳምንቱን እንጀራ ትጋግርልሽ፣ አንዷ ሽሮ አስፈጭታ ትላክልሽ። ምጣድ ጢስ ላይ በቀኝ እጅሽ ሊጥ ማዞር ለጊዜው ይቅርብሽ። የቤት ሠራተኛ ካለችሽ እሷም ሕመምሽን ትወቅ፤ ሰላጣው በደንብ እንዲታጠብ፣ ውኃው እንዲፈላ፣ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት እንዳይቀርብልሽ የምትጠብቅልሽ እሷ ናት።

ቴርሞሜትር ግዢና በቦርሳሽ ያዢ። ትኩሳትሽ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ይሁን በዓል፣ የወር መዝጊያ ጠረጴዛ ላይም ብትሆኚ፣ ፓራሲታሞል ውጠሽ «እስኪ ልየው» ሳትዪ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂና «ኬሞ ላይ ነኝ» በዪ። ዕቅዱን ሁሉ አፍርሰሽ የምትነሺበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ልጆችሽን በተመለከተ፣ ትልቋ አታውቅም የምትዪውን አላምንም። የ14 ዓመት ልጅ አባቷና አያቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ትሰማለች፣ እናቷ ልብስ ስትቀይር በር እንደምትቆልፍ ታያለች፤ ምናልባትም የመድኃኒቱን ስም ስልኳ ላይ ፈልጋ አንብባለች። እየፈራች ያለችው ብቻዋን ነው። ስሙን ጠርተሽ ንገሪያት፤ «ያ በሽታ» አትበዪ። ምን እንደ ወጣ፣ ምን እንደምትወስጂ፣ ፀጉርሽ እንደሚረግፍና ተመልሶ እንደሚበቅል ንገሪያት። «ትሞቻለሽ ወይ?» ብላ ከጠየቀችሽ «ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ እያደረጉ ነው፣ እኔም አንድ ቀጠሮ አላሳልፍም፣ አዲስ ነገር ከመጣ ከማንም በፊት ላንቺ እነግርሻለሁ» በያት፤ የማትጠብቂውን ቃል አትግቢላት። ለትንሹ ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ እማዬ ታማለች፤ በሽታው ስትስመኝ አይተላለፍብህም፤ አንተ በመረበሽህ የመጣ አይደለም። የመጨረሻውን ባይጠይቅም ንገሪው። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ልጅቷን ሁለተኛ እናት አታድርጊያት፤ የምታግዝበት አንድ የታወቀ ሥራ ይኑራት፣ የቀረው ጊዜዋ ለትምህርቷና ለጓደኞቿ ይሁን።

ለእናትሽ በስልክ አይነገርም። ወንድም ወይም እኅት ካለሽ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄደው አጠገባቸው ተቀምጠው ይንገሯቸው፤ ከዚያ ወዲያው አንቺ ደውዪና ድምፅሽን ይስሙ።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ስድስተኛው ቀን ነው። ንስሐ አባትሽን አሁኑኑ አነጋግሪ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቀልላለች፤ አንቺም እንቁላሉና ወተቱ ያስፈልግሻል። የማይዋጥልሽ ከሆነ በምስሩ፣ በሽሮውና በባቄላው በርቺ፤ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድሽን አትዋዪ። ጸበል ብትጠመቂ ማንም አይከለክልሽም፤ የኬሞ ቀጠሮ ግን ለጸበል ተብሎ አይዘለልም። ዘመድ የሚያመጣልሽን ሥራ ሥር ደግሞ ሐኪምሽ ሳያይ አትጠጪ፤ ከኬሞው ጋር ተጣልቶ ጉበትሽን ሊጎዳ የሚችል አለ።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂበታለሽ። ዕቁብ ካለሽ ለዳኛው ነግረሽ ዕጣሽ እንዲቀድምልሽ ጠይቂ። የእድራችሁን ደንብም አውጥተሽ አንብቢው፤ ለታመመ አባል የሚረዳ እድር አለ፣ አባሉ ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለታማሚዎች ድጋፍ ያደርጋል፤ ሄደሽ ጠይቂ፣ ቢያንስ መንገዱን የሄዱ ሴቶችን ታገኚያለሽ።

ጨረሩን ግን እስከ ሚያዝያ አታቆዪው። ይህ ሕክምና በአገራችን ለረጅም ዓመታት ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው፤ ዛሬ ጅማን በመሰሉ ከተሞችም ቢጀመር ፈላጊው ስለሚበዛ ወረፋው ረጅም ነው። ጥር ላይ፣ ከአራተኛው ዙር ጋር፣ «ለጨረር መቼ ልመዝገብ?» ብለሽ ጠይቂ። ጨረር እንደ ኬሞ በየሦስት ሳምንቱ ሳይሆን ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ለተከታታይ ሳምንታት የሚሰጥ ነው፤ ማሽኑ ላይ የምትቆዪው ለደቂቃዎች ቢሆንም ደጅ መጠበቁ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። የሕመም ፈቃድሽ በግማሽ ደመወዝ የሚሆነውም ያኔ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ መግባት ትችዪ እንደሆነ ከአለቃሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። ድካሙ ደግሞ ሕክምናው ባለቀ ማግሥት አይለቅም፤ ወራት ሊቆይ ይችላል። የሰኔ 30 ዓመታዊ መዝጊያ በዚያ ድካም ላይ ይመጣብሻል፤ ለኅዳርና ለየካቲት የሚመደብልሽ ሰው ለሰኔም እንዲቆይልሽ ዛሬውኑ አብረሽ ጠይቂ።

ስለ ፀጉርሽ ለጠየቅሽኝ፦ በቀዩ መድኃኒት ፀጉር መርገፍ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት መካከል ነው፤ ላንቺ ከኅዳር 23 ወዲህ መሆኑ ነው። ትራስሽ ላይ በጭብጥ በጭብጥ እስክታገኚው አትጠብቂ፤ ለኅዳር ጽዮን ዋዜማ ሹሩባሽን ፍቺና አሳጥሪው። ዊግ ከፈለግሽ ፀጉርሽ ሳለ ሄደሽ የሚመስልሽን ምረጪ፤ ነገር ግን ያሳክካል፣ ይሞቃልም፤ ለቢሮ ሁለት ለስላሳ የጥጥ ሻሽ ይበልጥ ይመቹሻል። ፀጉር ቤት አትሂጂ። መቀሱን ለትልቋ ልጅሽ ስጫትና የኋላውን እሷ ትቁረጥልሽ፤ በዚያን ጊዜ ልትነግሪያት ሳይሆን፣ ቀድመሽ ነግረሻት።